ናይሮቢ ላይ እጄን የያዙኝ እናት

የሻረግ፣ የልጆቼ እናት፣

አፈር ከለበስሽ ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ባለሽበት ሰላም ይሁንልሽ። ስምሽን በጸሎትና በፍትሐት ስጠራው ከረምኩ እንጂ እንደ ድሮው ለጨዋታ ከጠራሁት ቆይቷል። ዛሬ ግን የማጫውትሽ አለኝ። ልጅሽ ሰብለ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች፤ እኔም ደጃፉ ላይ ወንበሬን አውጥቼ ይህን እጽፍልሻለሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ላውራሽ። ቡሬዋ ላምሽ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ቁርጥ እናቷን ናት። የማድ ቤቱን ክዳን በቆርቆሮ ለውጬዋለሁ፤ አንቺ ሳለሽ ለውጠው እያልሽ የነዘነዝሽኝን ማለቴ ነው። በርበሬ ግን ዘንድሮ አልተከልንም። ወደ ቡሬ ገበያ የሚወስደው መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ ስለከረመ፣ ለፍተን ማን ሊገዛን ብለን ተውነው። ልጃችን ሙሉቀን ዱርቤቴ ከተማ እህል ይነግዳል፤ እሱም መንገድ ሲገኝ ነው። ሰብለ ትምህርት ካቋረጠች ሰነበተች። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ግቢው የከብት መሰማሪያ ሆኗል። ልጅቱ ድሮ የነበራትን ወሬ ታውቂዋለሽ፤ አሁን አንድ ቃል ከአፏ ለማውጣት ቀን ይፈጃል።

የደብራችን ካህናትም አልተዉኝም። “መምሬ፣ ሚስቱ የሞተችበት ቄስ መንኩሶ ቆብ ይጭናል እንጂ ምን ይጠብቃል?” ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ሰብለን ለማን ትቼ እላለሁ በልቤ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። የበቆሎ ዘር የምናባዛው የገበሬዎች ማኅበራችን ወደ ኬንያ ሰው ላክ ተብሎ፣ እኔን መረጡኝ። “ቄስ ስለሆኑ አይሰክሩም፤ ያዩትንም ሳይጨምሩ ይነግሩናል” አሉ። አንቺ ብትሰሚ ሳቅሽ አይቆምም ነበር፤ ከባሕር ዳር ወዲያ መኪና ሲያዞረኝ እንዴት እንደምሆን ታውቂያለሽ። ሰብለን ማንኩሳ እህትሽ አንጓች ቤት ትቻት፣ ከአንድ የግብርና ባለሙያና ከሌላ ወረዳ ከመጡ ገበሬዎች ጋር በአውሮፕላን ናይሮቢ ገባሁ።

እርሻውን አየን፤ የዘር መጋዘኑን አየን። በመጨረሻ የዕረፍት ቀን ተሰጠንና ጓደኞቼ ልብስና ስልክ ሊገዙ ወጡ። እኔ ሆቴል ቀርቼ በባለሙያው ትርፍ ስልክ ለሙሉቀን ደወልኩለት። ድምፁን ስሰማ ነገር እንዳለ ገባኝ።

“አባ፣ ማንኩሳ ከትናንት ጀምሮ ተኩስ አለ ይባላል” አለኝ። “የአክስቴ ስልክ አይሠራም። ሰው ወደ ገጠር ሸሽቷል አሉ። ሰብለ የት እንደገባች አላወቅንም።”

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ብሞክር፣ ብሞክር አልገባ አለኝ።

የሻረግ፣ ያ ክፍል ጠበበኝ። አልጋው ላይ ብቀመጥ እነሣለሁ፤ ዳዊቴን ብገልጥ ፊደሉ አይታየኝም። ኮቴን ደረብኩ፤ ጥምጥሜን አስተካክዬ መስቀሌን ያዝኩና ወጣሁ። የሆቴሉ ስምና አድራሻ የተጻፈባት ካርድ በሌላው ኮቴ ኪስ፣ ስልኩም አልጋው ላይ ቀርቶ ኖሯል። እኔ ምኑን አስቤው። እግሬ እንዲደክም ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ናይሮቢ ደጋ ናት። ጠዋቷ እንደ እኛው ጭጋግ አለው፤ አፈሯም ቀይ ነው። መኪናው ግን በግራ በኩል ስለሚሄድ፣ መንገድ ስሻገር ወዲያ ሳይ በወዲህ ይመጣብኛል። አንድ ባለ ሞተር ሳይክል ለጥቂት ሳተኝ። በሥዕል ያጌጡ አውቶቡሶች ሙዚቃቸውን እያስጮሁ ያልፋሉ። ከትልቁ መንገድ ዳር ግራሮቹ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ አጎንብሰው ቆመዋል። መጀመሪያ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ራሴን ዝቅ እያደረግሁ እጅ ነሳሁ። ሕዝቡ ሩጫ ላይ ነው፤ ኋላ ተውኩት። አንድ ሰውዬ ብቻ፣ እንደኔ ነጭ ጥምጥም የጠመጠመ፣ ቆሞ በሁለት እጁ ጨበጠኝና በቋንቋው ብዙ ነገር ነገረኝ። እኔም በአማርኛ መረቅሁት። በአገራቸው እንደኛ ካህናት ነጭ የሚጠመጥሙ የአንድ ሃይማኖት ሰዎች እንዳሉ የሰማሁት ኋላ ነው።

ምን ያህል እንደሄድኩ አላውቅም። ልቤ ማንኩሳ ነበር። ሰብለ በየትኛው መንገድ ወጣች፣ ጫማ አድርጋለች ወይስ ባዶ እግሯን ነው፣ አንጓች እጇን ይዛታለች ወይስ በግርግሩ ተለያዩ እያልኩ እሄዳለሁ። ቆም ብዬ ወደ ኋላ ስዞር የመጣሁበትን አጣሁት። ምልክት ያደረግሁት ሰማያዊ መስተዋት ያለው ፎቅ ነበር፤ ዘወር ብል ፎቁ ሁሉ ሰማያዊ መስተዋት አለው። ሰው ልጠይቅ ብል በምን አፌ። የሆቴሉን ስም እንኳ በቅጡ አልያዝኩትም።

እኒያን እናት ያገኘኋቸው እዚያ ነው። አውቶቡስ የሚጠበቅበት ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰዋል፤ አንድ እግራቸው ጫማ፣ አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ አድርጓል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ብድግ አሉና እጄን ያዙኝ። “ንጆሮጌ” አሉኝ። የሰው ስም መሆኑ ገባኝ። እኔ አይደለሁም ብዬ ራሴን ብነቀንቅ፣ ጭራሽ ክንዴን አቅፈው ወሬያቸውን ቀጠሉ፤ እንደ ቆየ ባለትዳር፣ ቆጣ እያሉ፣ ሳቅ እያሉ።

ዙሪያውን አየሁ። የእኔ ናቸው የሚል ሰው የለም። ወደ አንዲት ባለሱቅ ወስጃቸው በምልክት ልሰጣት ሞከርኩ። እጃቸውን ከክንዴ ላይ ላነሣ ስል እሪ አሉ። ሰው ዞሮ አየኝ። የኮቴን እጅጌ በሁለት እጃቸው ጨመደዱት፤ ዐይናቸው በፍርሃት ተሞላ።

ያንን ዐይን አውቀዋለሁ፣ የሻረግ።

ባሕር ዳር ሐኪሞቹ ራስሽ ውስጥ እጢ አለ ብለው ወደ ቤት ከመለሱሽ በኋላ፣ ከበሽታሽ ሁሉ የከፋብኝ ያ ነበር። ቤቱን ጥለሽ ወደ ቡሬ መንገድ ትወጪ ነበር። መጀመሪያ ጎረቤቱ ሁሉ ሮጦ ይይዝሽና እየጎተተ ሲመልስሽ እንዲህ ነበር የምትጮኺው። አንድ ቀን እኔ ብቻዬን ደረስኩብሽ። ስታዪኝ ቆምሽ፤ ጎንበስ ብለሽ መስቀሌን ተሳለምሽ። “መምሬ፣ ባሌን በዚህ ሲያልፍ አይተውት ይሆን?” አልሽኝ። በአንቱታ ጠራሽኝ። ስንት ዘመን አንድ መደብ ላይ የተኛሁት እኔ እንግዳ ቄስ ሆኜብሽ ነበር። ምን ልበልሽ? “አላየሁትም፤ ግን አብረን እንፈልገው” አልሁሽ። ደስ አለሽ። ጎን ለጎን ሄድን። የባልሽን ነገር ስታጫውቺኝ ሄድሽ፤ ቁመቱን፣ ድምፁን፣ ዝናብ ሲመጣ ማሳ ላይ እንዴት እንደሚቸኩል። ሲደክምሽ፣ “ምናልባት ቤት ገብቶ ይሆናል” አልሁና ዞር አልን። ሳትጮኺ ገባሽ። ከዚያ በኋላ ጎረቤት እንዳይነካሽ ከለከልኩ። በወጣሽ ቁጥር እኔ እየወጣሁ ባልሽን አብሬሽ ፈለግሁ።

ናይሮቢም ያንኑ አደረግሁ። እኒያን እናት መመለስ ተውኩና አብሬያቸው ሄድኩ።

የሚሄዱበትን ያወቁ ይመስላሉ። በቀኝ ይላሉ፣ እንታጠፋለን፤ በግራ ይላሉ፣ እንታጠፋለን። የአትክልት መሸጫ አለፍን፤ የተሰበረ ድልድይ ሥር አለፍን። በቆሎ ከምትጠብስ ሴት ላይ አንድ ራስ ገዛሁና እየፈለፈልኩ ሰጠኋቸው። ጥርስ የላቸውም፤ ለስላሳውን እየመረጥኩ ነው። እሳቸውም አንዳንዷን ፍሬ መልሰው ወደ እኔ አፍ ያመጣሉ። ቀምሻት ዋጥኋት። የባላገር ሰው እኛ፣ በአደባባይ ሚስት ለባል ስታጎርስ ማን አይቶ ያውቃል? እኔ ግን አላፈርኩም።

ዝናብ መጣ። አንድ የሻይ ጎጆ ሥር ተጠልለን፣ በወተት የፈላ ሻይና የተጠበሰ ሊጥ አዘዝኩ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብርጭቆውን እኔ ያዝኩላቸው። እያዜሙ ነበር፤ የጸሎት ዜማ መሆኑ ይታወቃል። እኔም ቀስ ብዬ ኪዳኑን ማዜም ጀመርኩ። ሻይ የምትቀዳው ሴት ሥራዋን ትታ ታየናለች። ኋላ እኒያ እናት ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው አንቀላፉ።

እዚያ ተቀምጬ አንድ ነገር አሰብኩ፤ ማሰቡም አስጨነቀኝ። የራሴ ሚስት እንግዳ ነህ አለችኝ፤ በሰው አገር የማላውቃቸው እናት ደግሞ ባሌ ነህ አሉኝ። ልጄ ደግሞ በዚያች ሰዓት በራሷ አገር ጠፍታለች፤ እሷን ማን ይዟታል? እግዚአብሔርን ያን ጊዜ የለመንኩትን ያህል ለምኜ አላውቅም።

ዝናቡ ሲያባራ ቀስቅሻቸው እንደገና ሄድን። አሁን ደክመዋል፤ ክንዴ ላይ ከበዱኝ። አንድ መንገድ ስንታጠፍ ግድግዳ ላይ የኛን ፊደል አየሁ። “ምግብ ቤት” ይላል። የሻረግ፣ ፊደል ከተማርኩ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ያነበብኩት ቃል የለም። ዐይኔ እስኪያብጥ አየሁት።

ትግስት የምትባል የሞያሌ ልጅ ከውስጥ ወጣች። አማርኛዬን ስትሰማ፣ “መምሬ፣ ከየት መጡ? እኒህስ ማን ናቸው?” አለችኝ።

“ማን እንደሆኑ አላውቅም” አልኋት። “ጠፍተዋል። እኔም ጠፍቻለሁ።”

አስቀመጠችን። በስዋሂሊ ጠየቀቻቸው፤ አልመለሱም። ወጥ ቤት የምትሠራ አንዲት የአገሩ ሴት ጠራች፤ እሷ የእኒያን እናት ቋንቋ ታውቃለች። ሴትዮዋ ሰማቻቸውና ወደ እኔ ቀና ብላ አየች።

ትግስት ተረጎመችልኝ። “ባሌ ነው ይላሉ። ብዙ ቆይቶ ዛሬ መጣልኝ፤ ወደ ቤቴ እየወሰደኝ ነው ይላሉ።”

ወጥ ቤቷ ሴት የሰፈራቸውን ስም ደጋግማ ከጠየቀቻቸው በኋላ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ለምታውቃቸው ሰዎች ላከች። ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው መጣ። ረጅም ነው፤ ከረባት አስሯል፤ ከሥራ ላይ የሮጠ ይመስላል። እናቱን ክንዴ ላይ ሲያይ ቀጥ ብሎ መጥቶ የኮቴን ደረት ጨበጠ። ቋንቋውን ባላውቅም ያለው ግልጽ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ እናቴን የት ወስደሃት ነው የሚለው። አልተቆጣሁትም። አንቺ በጠፋሽ ቀን እኔም ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እንዲያ አንቄዋለሁ። ትግስት መሃል ገብታ እስክታስረዳው ቆሜ ጠበቅሁ።

ለቀቀኝ። ጥምጥሜን አየ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አባቱ እንደዚህ ነጭ ጥምጥም ይጠመጥም እንደነበር፣ ከሞተ ብዙ ዘመን እንደሆነው፣ እናቱ ግን ሕመሙ ከያዛቸው ወዲህ በር በተከፈተ ቁጥር ሊፈልጉት እንደሚወጡ በትግስት አፍ ነገረኝ።

“ከእኔ ጋር አንድ መንገድ አይሻገሩም፤ ይጮሁብኛል። ከእሳቸው ጋር እንዴት እዚህ ድረስ መጡ? ብለሽ ጠይቂልኝ ይላል” አለችኝ ትግስት።

“ወደ ቤት አልመለስኳቸውም፤ አብሬያቸው ፈለግሁ በይው” አልኋት።

ጣቶቻቸውን ከእጅጌዬ ላይ አንድ በአንድ እያላቀቀ ወደ መኪናው ወሰዳቸው። ሲሄዱ አላለቀሱም። በመስኮቱ ብቅ ብለው አንድ ነገር ተናገሩኝ። ወጥ ቤቷ ሴት ለትግስት፣ ትግስት ለእኔ አደረሰችው።

“‘እንዳታመሽ’ ይሉዎታል።”

የሻረግ፣ በቀብርሽ ቀን ዕንባ አልወጣኝም ነበር። ቄስ ስለሆነ ነው፣ አንጀቱ ጠንካራ ነው ተባለልኝ። እዚያ የምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ በሰው አገር፣ የማያውቀኝ ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

ትግስት ተሟሙታ ሆቴሉን አፈላለገችልኝና ባለሙያው ራሱ መጥቶ ወሰደኝ። ፖሊስ ዘንድ ሁሉ ሄደው ኖሯል። ሊቆጣኝ አፉን ከፈተና ዐይኔን ሲያይ ተወው።

አዲስ አበባ ስንገባም የሰብለ ወሬ አልነበረም። መንገድ እስኪከፈት የአጎትሽ ልጅ ቤት ሰነበትኩ። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ ደጅ እወጣ ነበር። በመጨረሻ አንድ አውቶቡስ እስከ ቡሬ አደረሰኝ። ቡሬ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የአባትሽን አገር ሰው አገኘሁና፣ “አንጓች ከአንዲት ልጅ ጋር አባቷ ቤት ናት” አለኝ። ይህን ሲለኝ ከግንቡ ሥር ተቀመጥኩ። ከዚያ በእግሬ ሄድኩ።

ሰብለ ጓሮ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። አየችኝ፤ አልሮጠችም። ጎመኑን አስቀመጠችና መጥታ ጉልበቴን አቀፈች። ከስታለች፤ ሳል ይዟታል፤ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች። ያዩትን አንጓች ነገረችኝ፤ ላንቺ ግን አልጽፈውም፤ ባለሽበት ይረፍሽ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ በዚያው አንቺ ትወጪበት በነበረው የቡሬ መንገድ ነበር። እየሄድን የናይሮቢዋን እናት ነገር ለሰብለ አወራኋት። ስጨርስ ቆመች። እኔና እሷ ስለ መጨረሻዎቹ ወራትሽ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም፤ ሰው በተዝካርሽም ያነሣው ጤነኛዋን የሻረግን ብቻ ነበር።

“አባ፣ እማዬ አንድ ቀን ያለችኝን ልንገርህ?” አለችኝ። “አንተ ቅዳሴ ሄደህ ነበር። ‘ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?’ አለችኝ። ‘እኒህ ቤታችን የሚመጡት መምሬ ደግ ሰው ናቸው’ አለች። ‘ሳልጠራቸው ይመጣሉ፤ ባሌን አብረውኝ ይፈልጋሉ። ባሌ የመጣ ቀን እግራቸውን አጥቦ ያመሰግንልኛል’ አለችኝ።”

ይህን ስትነግረኝ ትንሽ ሳቀች። ከተኩሱ ወዲህ ስትስቅ ገና ማየቴ ነበር። እኔ መንገዱ ዳር ዞሬ ጥምጥሜን ማስተካከል ያዝኩ።

የሻረግ፣ መልእክትሽ ዘግይቶም ቢሆን ደርሶኛል፤ ለባልሽም ለመምሬም። ካህናቱን ሰብለ ትምህርቷን እስክትጨርስ ቆቡ ይቆየኝ አልኳቸው፤ አንዳንዶቹ አጉረመረሙ፣ ያጉረምርሙ። መንገዱ ዛሬም እንደተዘጋ ነው፤ ነገ ምን እንደሚመጣብን አላውቅም። እኔ ግን ከእንግዲህ ቅዳሴ ላይ ስምሽን ስጠራ ሁለታችሁንም ነው የምጠራው። ባሏን አውቃ የኖረችውም፣ ባሏን ስትፈልግ የሞተችውም አንቺ ነሽ፤ እስትንፋሴ እስካለች አንዳችሁንም አልረሳም።

የሙሉቀንና የሰብለ አባት